ካላፍራና፦ የማልታ የባሕር አውሮፕላን ወደብ

ኤፕሪል 27 ቀን 1916 ማለዳ «ራስል» የተባለው የእንግሊዝ ትልቅ የጦር መርከብ ወደ ማልታ እየተጠጋ ነበር። ደሴቲቱ ደጃፍ ላይ የባሕር ፈንጂ መታው። 125 ያህል ሰው አለቀ። «ናስተርሺየም» እና «ኤጉሳ» የተባሉ ሁለት ትናንሽ መርከቦችም ወዲያው በዚያው አካባቢ ፈንጂ ላይ ወጥተው ሰመጡ። ፈንጂውን በድብቅ ያጠመደው ዩ-73 የሚባል የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ነው። ከወራት በኋላ ግሪክ አጠገብ «ብሪታኒክ»ን፣ ከታይታኒክ ጋር በአንድ ንድፍ የተሠራውን ግዙፍ የሆስፒታል መርከብ፣ ያሰመጠውም የዚሁ የዩ-73 ፈንጂ ነው። (ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ እናገራለሁ።)

ያ ጊዜ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ለማልታ ከባድ ነበር። ደሴቲቱ የእንግሊዝ የሜዲትራኒያን ባሕር ኃይል ዋና ሰፈር ናት። ከጋሊፖሊና ከሰሎንቄ ግንባር የቆሰሉ ወታደሮች በመርከብ እየተጫኑ የሚመጡት ወደ ማልታ ሆስፒታሎች ነው። ስንቅና ጥይት የጫኑ መርከቦችም በዚያው ያልፋሉ። ስለዚህ ለጀርመን ሰርጓጆች ከማልታ ዙሪያ የተሻለ ማደኛ አልነበረም። በ1917 ጃፓን ሳትቀር አጃቢ የጦር መርከቦቿን ወደዚህ ደሴት ልካለች።

የዚያ ዘመን ሰርጓጅ መርከብ ውኃ ውስጥ ብዙ መቆየት አይችልም። ባትሪውን ለመሙላት ወደ ላይ መውጣት ግዴታው ነው። ከመርከብ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው አጠገቡ ሳይደርስ አያየውም። ከሰማይ ግን ከሩቅ ይታያል። አብራሪው ባያጠቃው እንኳ፣ ሰርጓጁ አውሮፕላን ሲያይ ስለሚጠልቅ ፍጥነቱን ያጣል፤ መርከቦቹም ያመልጡታል። ማልታ የሚያስፈልጋት ከሰማይ የሚጠብቅ ዓይን ነበር።

ችግሩ አውሮፕላኑ የት ይረፍ የሚለው ነው። ማልታ ትንሽ ናት። ርዝመቷ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ እርሻው ሁሉ በድንጋይ ካብ ተከፋፍሏል። በዚያ ላይ አንድም የአውሮፕላን ሜዳ አልነበረም። ባሕር ግን ሞልቷል።

ካላፍራና የተወለደችው ከዚህ ነው።

ለምን እዚያ ቦታ ላይ?

ማልታ ላይ የመጀመሪያው በረራ የተደረገው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1915 ነው። «አርክ ሮያል» የተባለችው የባሕር አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ቱርክ ውስጥ ወዳለው የዳርዳኔል ወሽመጥ ስትሄድ ቫሌታ ከተማ ሥር ባለው በታላቁ ወደብ ቆማ ነበር። ካፒቴን ኪልነር አንድ «ሾርት» አውሮፕላን ከወደቡ ውኃ ላይ አስነሥቶ ደሴቲቱን ከላይ አየ።

ሆኖም ታላቁ ወደብ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጠባብ ነው። በጦር መርከብ፣ በጭነት መርከብና በጀልባ ተጨናንቋል። ዙሪያውን በግንብ ተከቧል። የባሕር አውሮፕላን ለመነሣት ረጅምና ባዶ የውኃ መንገድ ይፈልጋል። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ግን በዚያች ሰከንድ ፊቱ ላይ ጀልባ ቢገባ አለቀ።

ስለዚህ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሄዱ። እዚያ ማርሳሽሎክ የሚባል ሰፊ የባሕር ሰርጥ አለ። ያኔ ከዓሣ አጥማጆች በቀር ብዙ የሚመላለስበት አልነበረም። ከሰርጡ አፍ አጠገብ፣ ከቢርዘቡጃ መንደር ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ዝቅ ያለ የድንጋይ ዳርቻ ይገኛል። ስሙ ካላፍራና ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአየር ክፍል በ1916 እና በ1917 ሰፈሩን የገነባው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የመጡት አውሮፕላኖች አሜሪካ ሠራሽ የኩርቲስ በራሪ ጀልባዎች ነበሩ።

የባሕር አውሮፕላን ሁለት ዓይነት መሆኑን እዚህ ላይ ልንገራችሁ። አንደኛው ተራ አውሮፕላን ሆኖ በጎማ ፈንታ ሁለት ተንሳፋፊ እግር የተገጠመለት ነው። ሁለተኛው በራሪ ጀልባ ነው። የእሱ ሆድ ራሱ ጀልባ ነው፤ ሲያርፍ በሆዱ ይቀመጣል። ካላፍራና ሁለቱንም አስተናግዳለች።

«ውኃ ካለ ምን ይፈለጋል?» የሚል ይኖራል። ብዙ ነገር ይፈለጋል። ማኮብኮቢያው በነፃ የመጣ ቢመስልም፣ የባሕር አውሮፕላን ሰፈር ከተራ የአውሮፕላን ሜዳ የበለጠ ሥራ አለው። መጀመሪያ ከሃንጋሩ፣ ከአውሮፕላን ማደሪያው፣ ተነሥቶ ወደ ውኃው ቀስ እያለ የሚወርድ ሰፊ የሲሚንቶ ተዳፋት ያስፈልጋል። አውሮፕላኑ ለጥገና ሲወጣ ሰዎች ውኃ ውስጥ ገብተው ከሥሩ ጎማ ያስሩለታል፤ ከዚያ በገመድ ይጎተታል። ለጥገና ካልሆነ ደግሞ ውኃው ላይ እንዳለ በተንሳፋፊ መታሰሪያ ታስሮ ያድራል። ነዳጁ በጀልባ ይሄድለታል። ቦምቡ በጀልባ ይሄዳል። አብራሪዎቹም በጀልባ ይሄዳሉ። በሌሊት የሚያርፍ ከመጣ ውኃው ላይ በጀልባ መብራት ይደረደራል። ከመነሣቱ በፊት አንድ ጀልባ መንገዱን ዞሮ የሚንሳፈፍ ግንድ ወይም ሳጥን አለመኖሩን ያያል። ከዚህ ሁሉ ጋር ጨው አለ። ጨው ብረት ይበላል። አውሮፕላኑ ከውኃ በወጣ ቁጥር በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት፤ ንጹሕ ውኃ ደግሞ ማልታ ላይ ውድ ነው።

ማዕበልም አለ። ሞገድ ከፍ ካለ አውሮፕላኑ አይነሣም። የሚገርመው ግን ውኃው ፍጹም ጸጥ ካለም ይቸገራል፤ ሆዱ ከውኃው ጋር ይጣበቃል። ትንሽ የሚናወጥ ውኃ ነው የሚፈለገው። አንዳንድ አብራሪዎች ውኃው ጸጥ ሲል ፈጣን ጀልባ ከፊታቸው እንዲሮጥና ውኃውን እንዲያናውጥላቸው ያደርጉ ነበር።

ካላፍራና ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ለሚመጣው ነፋስ ጥሩ መጠለያ ነች። ጉድለቷ አንድ ነው፤ ያውም ትልቅ። የሰርጡ አፍ ለደቡብ ምሥራቅ ክፍት ነው። ከአፍሪካ በኩል ሲሮኮ የሚሉት ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ሰተት ብሎ ይገባል። ቦታውን የመረጡት ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም፤ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ያውቀዋል። አስቸኳይ ጦርነት ላይ ስለነበሩ ካለው የተሻለውን ወሰዱ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ሌላ የምመርጠው አይታየኝም። ጉድለቱ ግን ወደቧ እስክትዘጋ አብሯት ኖሯል።

ወርክሾፑ

ካላፍራናን ካላፍራና ያደረጋት ውኃዋ አይደለም፤ እጅ ያለው ሰው ነው። ከሁሉ በላይ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ልናገር የምፈልገው ይህንን ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ ገና ከጅምሩ ይታያል። «ፊሊክስቶው ኤፍ-3» የሚባል ትልቅ በራሪ ጀልባ ነበር። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 31 ሜትር ነው። ሁለት የሮልስ ሮይስ ሞተር አለው። ከእንግሊዝ እስኪላክ መጠበቅ ስላላዋጣ፣ የማልታ የመርከብ ግንባታ ሰፈር ራሱ ሊሠራው ተነሣ። ከ1917 መጨረሻ ጀምሮ 18 ኤፍ-3 ማልታ ላይ ተሠርተዋል። ለትውልድ የእንጨት ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ለበራሪ ጀልባ እንግዳ አይደሉም። ሆዱ እንጨት ነው። ክንፉ እንጨትና ጨርቅ ነው። ከጥንቱ ሙያ ወደ አዲሱ የተሻገሩት በቀላሉ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ትንሽ የቅኝ ግዛት ደሴት የዓለምን ትልልቅ አውሮፕላኖች በገዛ እጇ ስትሠራ ማየት ያስደንቃል።

ኤፕሪል 1918 የባሕር ኃይሉና የምድር ጦሩ አየር ክፍሎች ተዋህደው የእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል ተመሠረተ። ካላፍራናም ወደዚያ ተላለፈች። 267ኛና 268ኛ ስኳድሮኖች፣ ማለትም የአውሮፕላን ጓዶች፣ እዚያው ተቋቋሙ። ጦርነቱ ሲያልቅ አብዛኛው ተበተነ። የቀረው ክፍል በ1923 ስሙ ወደ 481ኛ ፍላይት ተቀየረ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1929 ደግሞ 202ኛ ስኳድሮን ሆነ። ይህ ስኳድሮን እስከ 1939 ድረስ የካላፍራና ባለቤት ነበር ማለት ይቻላል።

በ1927 መጨረሻ ላይ ታዋቂው አብራሪ ሰር አላን ኮብሃም መጣ። «ሲንጋፖር» በሚባል በራሪ ጀልባ አፍሪካን ሊዞር ነው ከእንግሊዝ የተነሣው። ማልታ ሲደርስ ባሕሩ ተቆጥቶ ነበር። አውሮፕላኑ በሞገድ ተመትቶ ክፉኛ ተጎዳ። ጉዞው ለሳምንታት ቆመ፤ እንደገና የተነሣው በ1928 መጀመሪያ ነው። አፍሪካን ዞሮም በሰላም ተመለሰ። በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ የማልታ ባሕር ጭካኔም የማልታ ወርክሾፖች ሙያም አብረው ይታያሉ።

እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ነገር ተቀይሯል። ጃንዋሪ 1923 ከካላፍራና በላይ ባለው ሜዳ ላይ ሃል ፋር የሚባል የአውሮፕላን ሜዳ ተከፈተ። በማልታ የመጀመሪያው ቋሚ የአውሮፕላን ሜዳ ነው። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፤ በእግር ይደረሳል። ሃል ፋር አውሮፕላኖቹን ያበራል፤ ካላፍራና ትጠግናለች። ሞተሩ ሲያረጅ ቁልቁል ወደ ካላፍራና ይወርዳል። አዲስ አውሮፕላን በሳጥን በመርከብ ሲመጣ ካላፍራና ላይ ተገጣጥሞ ወደ ሃል ፋር ይወጣል። ብዙ ማልታውያን ሲቪሎች እዚያ ተቀጥረው ሙያ ተማሩ። በእኔ እይታ ወደቧ የባሕር አውሮፕላን ዘመን ሲያልፍም ትርጉም እንዳታጣ ያደረጋት ይህ የሥራ ክፍፍል ነው።

የ1935 ክረምት

የእኛ አገር ታሪክ ካላፍራናን የሚነካው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው 1935 ነው።

ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን በመርከብ እያጓጓዘ ነበር። እንግሊዝ ጣልቃ ከገባች ጦርነት ይነሣል የሚል ፍርሃት ነገሠ። ማልታ ደግሞ ከሲሲሊ 90 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው። የኢጣልያ ቦምብ ጣዮች በግማሽ ሰዓት ይደርሱባታል። ስለዚህ በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር የእንግሊዝ የሜዲትራኒያን ባሕር ኃይል ዋና ሰፈሩን ለቆ ወደ አሌክሳንድርያ ሄደ። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረበትን ወደብ ነው የለቀቀው።

መርከቦቹ ሲሄዱ አውሮፕላኖቹ ተጠናከሩ። ሃል ፋር ላይ ከእንግሊዝ የመጡ ስኳድሮኖች ሰፈሩ። ካላፍራና ላይ 202ኛ ስኳድሮን «ስካፓ» የሚባሉ አዳዲስ በራሪ ጀልባዎችን ተረከበ። ሌሎች የእንግሊዝ በራሪ ጀልባዎች ወደ ጂብራልታርና ወደ ግብፅ ተላኩ። የሜዲትራኒያን ሰማይ ከዳር እስከ ዳር ይጠበቅ ነበር።

ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወረራው ተጀመረ። የኢጣልያ መርከቦች ወታደርና መሣሪያ እንደጫኑ በስዊዝ ቦይ ማለፋቸውን ቀጠሉ። ቦዩ አልተዘጋም። በራሪ ጀልባዎቹ ለመጠበቅና ለማየት ተዘጋጅተው ነበር፤ እንዲያስቆሙ ግን ማንም አላዘዛቸውም። ይህን ስጽፍ ያንገበግበኛል። ጉድለቱ የመሣሪያ አልነበረም፤ ፈቃድ ነው የጠፋው።

በ1937 ነገሩ በሌላ መልኩ ተደገመ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ማንነታቸው ያልተገለጸ ሰርጓጆች የንግድ መርከቦችን ማስመጥ ጀመሩ። የኢጣልያ መሆናቸውን ሁሉም ያውቅ ነበር። በሴፕቴምበር በኒዮን ከተማ ስምምነት ተደረገ፤ ከእንግሊዝም ተጨማሪ በራሪ ጀልባዎች ወደ ካላፍራና መጡ። ጥቃቱ ብዙም ሳይቆይ ቀነሰ። ቆርጦ መነሣት ምን ሊሠራ እንደሚችል ያኔ ታየ፤ ለእኛ ግን ዘግይቷል።

ጁን 1940

ሁለተኛው አጋጣሚ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነው።

ጁን 10 ቀን 1940 ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች። በማግስቱ ማለዳ የኢጣልያ ቦምብ ጣዮች ማልታ ላይ ደረሱ። ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች ውስጥ ታላቁ ወደብ፣ ሃል ፋርና ካላፍራና ነበሩ። በዚያን ቀን ብቻ ማልታ ስምንት ጊዜ ተደበደበች።

በዚሁ ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በስደት ላይ ነበሩ። በ1936 ከጅቡቲ የወጡት በጦር መርከብ ነው። አሁን የሚመለሱበት ጊዜ መጣ። የባሕሩ መንገድ በጠላት ተይዟል። ፈረንሳይ እጅ ሰጥታለች። የቀረው አየር ነው። ጁን 24 ማታ፣ በእኛ ሰኔ 17 ቀን 1932 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ በ«ሰንደርላንድ» በራሪ ጀልባ ተነሡ። ጉዞው ምስጢር ስለነበር የተሰጣቸው ስም «ሚስተር ስትሮንግ» ነበር። ልጃቸው ልዑል መኮንን፣ አቶ ሎሬንሶ ታዕዛዝ፣ ጸሐፊያቸው ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስና የጦርነት ዘጋቢ የነበረው ጆርጅ ስቲር አብረዋቸው ነበሩ።

አውሮፕላኑ የፈረንሳይን ምድር በሌሊት አቋረጠ። የሜዲትራኒያንን ባሕር ይዞ ማልታ ደረሰ። ነዳጅ ሞልቶ ወደ አሌክሳንድርያ ቀጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በወዲ ሐልፋ በኩል በጁላይ መጀመሪያ ካርቱም ገቡ። በጥር 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ስለዚያ ጉዞ ሲወራ ካርቱምና ኦሜድላ ይነሣሉ። ማልታ ግን አትነሣም፤ እኔ ግን መነሣት ያለባት ይመስለኛል። ሰንደርላንድ አራት ሞተር ያለው ጥሩ አውሮፕላን ነው። ከ12 ሰዓት በላይ አየር ላይ ይቆያል። ሆኖም ከእንግሊዝ እስከ ግብፅ ሳይረግጥ በምቾት አይደርስም። መሐል ላይ የሚያርፍበት ውኃ፣ ነዳጅ የሚያቀርብ ጀልባ፣ የሚያየው መካኒክ ያስፈልገዋል። ፈረንሳይ ከወደቀች በኋላ በዚያ መስመር ላይ በእንግሊዝ እጅ የቀረው ይህ ደሴት ነበር። እሱም ገና ከሁለት ሳምንት በፊት ቦምብ የወረደበት ነው።

ከበባው

የማልታ ከበባ ታሪክ ሰፊ ነው። እዚህ የማነሣው ካላፍራናን የሚመለከተውን ብቻ ነው።

ማልታ ጦርነቱን የጀመረችው ያለ በቂ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። የነበረው «ግሎሪየስ» የተባለችው አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ትታቸው የሄደች «ሲ ግላዲያተር» የሚባሉ ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላኖች ናቸው። በሳጥን ታሽገው ካላፍራና መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሳጥኑ ተከፈተ፤ ተገጣጠሙ፤ ሃል ፋር ወጥተው ተዋጉ። በኋላ ሕዝቡ ያከበራቸው «እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር» በሚል ስም ነው። መለዋወጫ ሲያልቅ የካላፍራና መካኒኮች የ«ብሌንሃይም» ቦምብ ጣይ ሞተርና ባለ ሦስት ምላጭ ፕሮፔለር ገጠሙላቸው። እንዲህ ያለ ሥራ በፋብሪካ መመሪያ ላይ የለም። ከመካከላቸው የአንዱ አካል ዛሬም ቫሌታ ውስጥ በቅዱስ ኤልሞ ምሽግ የጦርነት ሙዚየም ይታያል።

ኖቬምበር 11 ቀን 1940 ደግሞ እንግሊዞች ታራንቶ ወደብ ላይ የኢጣልያን የጦር መርከቦች መቱ። ማልታ ላይ ካለው ከሉቃ የአውሮፕላን ሜዳ የሚነሡ አውሮፕላኖች ፎቶ ሲያነሡ ከርመዋል። በዚያን ዕለት ማታ ግን መርከቦቹ ከወደብ አለመውጣታቸውን አይቶ የሚያረጋግጥ ያስፈልግ ነበር። ያንን ያደረገው የካላፍራናው 228ኛ ስኳድሮን ሰንደርላንድ ነው። ከዚያ 21 «ሶርድፊሽ» አውሮፕላኖች ተነሥተው ሦስት ትልልቅ መርከቦችን አቆሰሉ።

ዕድሉ ብዙ አልቆየም። በ1941 መጀመሪያ የጀርመን አየር ኃይል ሲሲሊ ገባ። በራሪ ጀልባ ትልቅ ነው፤ ውኃ ላይ ታስሮ የሚቆም ነው፤ የሚደበቅበት የለውም። በተራ ሜዳ ላይ ለአውሮፕላን የድንጋይ ከለላ ይሠራል፤ ባሕር ላይ ግን አይሠራም። በማርች የ«ሜሰርሽሚት» ተዋጊዎች ቅዱስ ጳውሎስ ሰርጥ ላይ የታሰረ ሰንደርላንድ መቱ። ወዲያው 228ኛ ስኳድሮን ማልታን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ በራሪ ጀልባ የሚመጣው በሌሊት ነው፤ ሳይነጋም ይሄዳል።

ከእነዚያ ሌሊቶች አንዱ ሜይ 7 ቀን 1942 ነው። አዲሱ ገዥ ሎርድ ጎርት ከጂብራልታር በበራሪ ጀልባ ካላፍራና ደረሱ። ከሦስት ሳምንት በፊት ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ለማልታ ሕዝብ የሸለሙትን የጆርጅ መስቀል የተባለ የጀግንነት ሜዳልያ ይዘው ነው የመጡት። ተሰናባቹ ገዥ ጄኔራል ዶቢ ወደቡ ላይ ተቀበሏቸው። የአየር ጥቃት እየተካሄደ ነበር። ቃለ መሐላው ቤተ መንግሥት ሳይደርስ እዚያው ካላፍራና ውስጥ ተፈጸመ። ዶቢ በዚያው አውሮፕላን፣ በዚያው ሌሊት ከቤተሰባቸው ጋር ወጡ። የአንድ ደሴት የሥልጣን ርክክብ በባሕር አውሮፕላን ሰፈር ውስጥ፣ ቦምብ እየወረደ!

በምስጢር የሚመጡም ነበሩ። የኖርዌይ የነበሩ «ሄንከል 115» የባሕር አውሮፕላኖች የጀርመን ምልክት ተቀብቶባቸው ሰላዮችን ያመላልሱ ነበር። ጀርመን ሠራሽ ስለሆኑ ከሩቅ ያያቸው ጠላት የራሱ ይመስሉታል። በ1940 ፈረንሳይ እጅ ስትሰጥ ደግሞ ሁለት የፈረንሳይ የባሕር አውሮፕላኖች ከቱኒዚያ አምልጠው ማልታ ገብተዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጁላይ 1942ቱ ነው። ቴድ ስትሬቨር የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ አብራሪ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ተመትቶ ባሕር ላይ ወደቀ። ኢጣልያኖች በባሕር አውሮፕላን አንሥተው በደንብ አስተናገዷቸው። በማግስቱ ወደ ታራንቶ ሊወስዷቸው «ካንት 506» በሚባል የባሕር አውሮፕላን አሳፈሯቸው። አየር ላይ እያሉ እስረኞቹ ጠባቂውን በቡጢ መቱት፤ ሽጉጡን ቀሙት፤ አውሮፕላኑን ያዙ። ወደ ማልታ አቀኑ። የማልታ ተዋጊዎች የጠላት አውሮፕላን አይተው ተኮሱባቸው። ውኃ ላይ አርፈው ነጭ ጨርቅ እያውለበለቡ ነው የተረፉት። በነፍስ አድን ጀልባ ተጎትተው ገቡ። የኢጣልያ አብራሪዎቹ ታራንቶ ደርሰው ፈቃድ ሊወጡ ነበር አሉ።

የነፍስ አድን ጀልባዎቹን ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። በራሪ ጀልባዎቹ ከሄዱ በኋላ የካላፍራና የባሕር ሥራ እሱ ነበር። ፈጣን ጀልባዎች ከካላፍራናና ከሌሎች ሰርጦች እየወጡ ባሕር ላይ የወደቀ አብራሪ ይፈልጋሉ። ሲፈልጉ ከላይ ይተኮስባቸዋል። ወገን ብቻ አልነበረም የሚያነሡት፤ ጀርመኑንም ኢጣልያኑንም ያነሣሉ። ቀድሞ ለአውሮፕላን ነዳጅ ያደርሱ የነበሩ እጆች ወደዚህ ሥራ ገቡ።

ከዚያ በኋላ

ጦርነቱ ሲያልቅ ዓለም በኮንክሪት ማኮብኮቢያ ተሞልቶ ነበር። ከባድ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ በየአገሩ ተሠርቷል። ውኃ ላይ ማረፍ የሚያስገድድ ምክንያት ጠፋ። ጨው፣ ሞገድ፣ ጀልባ፣ መታሰሪያ፤ ያ ሁሉ ወጪ ከንቱ ሆነ። አየር ኃይሉ በ1946 ካላፍራናን ለባሕር ኃይሉ አስረክቦ ወጣ። እንግሊዞች ማልታን ጨርሰው የለቀቁት ማርች 31 ቀን 1979 ነው።

ዲሴምበር 1989 የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ የሚባለው ስብሰባ በዚሁ ሰርጥ ተደረገ። ጆርጅ ቡሽና ሚኻኢል ጎርባቾቭ መርከብ ላይ ሊገናኙ ማርሳሽሎክ መጡ። ማዕበል ተነሣ። ፕሮግራማቸው ተዛባ፤ ከመርከብ መርከብ መሻገር አቃተ። የሰርጡን ታሪክ ላነበበ ሰው ይህ አያስገርምም። ኮብሃምን ለሳምንታት ያቆየው የማልታ ክረምት ነው ኃያላኑንም ያወከው።

ያኔ የካላፍራና ዕጣ ተወስኖ ነበር። በ1988 የማልታ ፍሪፖርት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። የኮንቴይነር ወደቡ የተሠራው ካላፍራና ላይ ነው። ሃንጋሮቹ ፈረሱ፤ ዳርቻው ተሞላ፤ ረጅም የሞገድ መከላከያ ግንብ ባሕሩ ውስጥ ገባ። ዛሬ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ኮንቴይነር ያስተናግዳል። በ1916 የተመረጠው ምክንያት አሁንም ይሠራል፤ ሰፊ ውኃ፣ ከከተማው መጨናነቅ ውጭ፣ በሜዲትራኒያን መሐል። ማልታ ኢኮኖሚዋን ስለገነባችበት አልወቅሳትም። ግን ከዚያ ሁሉ ሕንጻ አንድ ሃንጋር፣ አንድ ተዳፋት እንኳ በአግባቡ ቢጠበቅ ኖሮ ብዬ አዝናለሁ። የጦርነት ታሪኳን እንደ ማልታ የምታከብር አገር ጥቂት ናት። ግንቦቹና ምሽጎቹ ተጠብቀዋል፤ የሠራተኞቹ ወርክሾፕ ግን አልተጠበቀም።

ጎረቤቷ ሃል ፋርም ተለውጧል። ማኮብኮቢያው ላይ የመኪና ውድድር ይደረጋል። ቀሪው የፋብሪካ ሰፈር ሆኗል። የድሮው የእንግሊዝ ጦር ካምፕ ደግሞ ከ2000ዎቹ ጀምሮ ከሊቢያ በጀልባ ለሚደርሱ ስደተኞች ማቆያና መጠለያ ሆነ። ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ወጣቶች እዚያ ድንኳንና ኮንቴይነር ውስጥ ወራትና ዓመታት አሳልፈዋል። አማርኛ የሚነገርበት ቦታ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ይህን ካነበበ፣ ከካምፑ ቁልቁል ይታየው የነበረው የክሬኖቹ ወደብ ካላፍራና ነው።